የልደት ቀንና የቤት ዳቦ

የልጆቻችን የልደት ቀን በተቃረበ ቁጥር በብዙ ቤቶች ደስታና ጭንቀት አብረው ይገባሉ። ጎረቤት ኬክ ገዝቶ ስላከበረ፣ እኛ ካልገዛን ልጃችን የሚያፍር ይመስለናል፤ እስከ መበደርም እንደርሳለን። ሻማው ከጠፋ በኋላ ዕዳው ይቀራል፤ በዕዳው የተነሣ የሚመጣውን የወላጆች ቁጣ የሚቀምሰውም ያው ልጅ ነው።

እስቲ በዋዜማው ድፎ ዳቦ አብረን እንጋግር። የአራት ዓመቱ ልጅ ዱቄቱን በጣሳ ይሰፍራል፤ ታላቁ ያቦካል፤ ሌላው ኮባውን ይወለውላል። እርሾው በሊጡ ያለውን ስኳር እየተመገበ ጋዝ ስለሚያወጣ ሊጡ ቀስ በቀስ ኩፍ ይላል። «መቼ ይደርሳል?» እያለ ደጋግሞ የሚገልጥ ልጅ፣ በችኮላ የማይገኝ ነገር መኖሩን ያለ ተግሣጽ ይማራል። ምጣዱንና እሳቱን ግን አዋቂ ይያዝ፤ አክንባሎው ሲነሣ የሚወጣው እንፋሎት ያቃጥላልና። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃንም ማር አይሰጠው፤ ለጽኑ ሕመም ሊዳርገው ይችላል።

ዳቦው ሲቆረስ ባለ ልደቱ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለአያቱ ወይም ለጎረቤት ልጅ በገዛ እጁ ይስጥ። እኛም የተወለደበትን ቀን ታሪክ፣ ማን በደጅ እንደ ጠበቀው፣ ስሙንም ማን እንዳወጣለት እንንገረው። ይህን ስጦታ ከሱቅ ልንገዛው አንችልም።

ለውይይት፦
1. ባለፈው ልደት ልጆቻችን በእጃቸው ምን ሠሩ?
2. ማዕዳችን ለማን ተከፈተ? ማንንስ ረሳን?