ጠፈርተኛው ሳይጎዳ ጉዳቱን ማስላት፦ በኮምፒውተር ውስጥ የተሠራው የሰው አካል

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1969 አፖሎ 12 ከጨረቃ ተመልሳ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ አረፈች። መንኮራኩሯ ከውኃው ጋር በተጋጨችበት ቅጽበት አንድ የፊልም ካሜራ ከመያዣው ተፈትቶ የጠፈርተኛ አላን ቢንን ግንባር መታ። ቢን ለጥቂት ጊዜ ራሳቸውን ሳቱ፤ ቁስላቸውም መሰፋት አስፈለገው። ጨረቃን ረግጠው በደኅና የተመለሱ ሰው የቆሰሉት በጉዞው የመጨረሻ ሰከንድ ነበር።

እንዲህ ያለውን ጉዳት አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን? አንድ መሐንዲስ ድልድይ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ለማወቅ ናሙናውን እስኪሰበር ድረስ ሊጭነው ይችላል። በሕያው ሰው ላይ ግን ይህ አይፈቀድም። የኮምፒውተር ሞዴል ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳት የሚመጣው ከየት ነው?

ሰውን የሚጎዳው ፍጥነት ራሱ ሳይሆን ፍጥነቱ የሚለወጥበት ሁኔታ ነው። ኦራይን የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በፓራሹቶች ታግዛ ውኃ ላይ የምታርፈው በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው። ይህ ፍጥነት በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ቢቆም በአካል ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ የሰውየውን ክብደት ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ቢቆም ግን ወደ ዘጠኝ እጥፍ ያድጋል። የኃይሉ አቅጣጫም ወሳኝ ነው። የሰው አካል ከደረት ወደ ጀርባ የሚመጣውን ኃይል ከራስ ወደ እግር ከሚመጣው በተሻለ ይቋቋማል። ጠፈርተኞች በጀርባቸው ተኝተው የሚቀመጡት ስለዚህ ነው።

ይህን ዕውቀት ያስገኙት በአብዛኛው በራሳቸው ላይ የሞከሩ ሰዎች ናቸው። ሐኪሙና የአየር ኃይል መኮንኑ ጆን ፖል ስታፕ እ.ኤ.አ. በ1954 በኒው ሜክሲኮ በሮኬት በሚገፋ ተንሸራታች ላይ ተቀምጠው በሰዓት 1017 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ በ1.4 ሰከንድ ውስጥ ቆሙ። በአካላቸው ላይ ያረፈው ከፍተኛ ኃይል የክብደታቸው 46.2 እጥፍ ነበር። በዓይናቸው ውስጥ የደም ሥሮች ተበጥሰው ለጊዜው ማየት ቢሳናቸውም ከሞት ተርፈዋል።

ቀላሉ ሞዴል፦ አንድ ሞላ፣ አንድ ክብደት

የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች አስገራሚ በሆነ መልኩ ቀላል ነበሩ። የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪን ከነወንበሩ ወደ ውጭ የሚያስወነጭፈውን መሣሪያ ያጠኑ ተመራማሪዎች የሰውን የላይኛውን አካል እንደ አንድ ክብደት፣ አከርካሪውን ደግሞ እንደ ሞላና ንዝረት ማብረጃ ቆጠሩት። ሞላው ምን ያህል እንደተጨመቀ ከተሰላ የጉዳቱን ዕድል መገመት ይቻላል።

ስሌቱን አብረን እንሞክረው። የሥርዓቱ የተፈጥሮ ንዝረት በሰከንድ 52.9 ራዲያን ነው። የዚህን ቁጥር ካሬ በሞላው ከፍተኛ መጨመቅ አባዝተን ለመሬት ስበት፣ ለ9.81፣ ስናካፍል የጉዳት መለኪያው ይገኛል። መለኪያው 18 ሲደርስ ከመቶ ሰዎች አምስት ያህሉ የአከርካሪ ጉዳት ሊደርስባቸው እንደሚችል ይገመታል። ወደ ኋላ ብናሰላ ይህ 6.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ መጨመቅ ማለት ነው። ናሳም ከዚህ ሐሳብ ያደገና ሦስቱንም አቅጣጫዎች የሚያካትት ሞዴል ለመንኮራኩሮቹ ተጠቅሟል።

ነገር ግን አንድ ሞላ ስለ ጎድን አጥንት፣ ስለ አንገት ወይም ስለ ጉበት ምንም አይነግረንም።

ዝርዝሩ ሞዴል

ለዚህ መፍትሔ የሆነው የውሱን ክፍልፋዮች ዘዴ ነው። አካሉ በኮምፒውተር ውስጥ ወደ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ክፍል እንደ አጥንት፣ እንደ ጅማት ወይም እንደ ሳንባ የየራሱ ጥንካሬና የመለጠጥ ባሕርይ ይሰጠዋል። ከዚያም ኮምፒውተሩ አንዱ ክፍል ጎረቤቱን ምን ያህል እንደሚገፋ እጅግ አጭር በሆነ የጊዜ ልዩነት ደጋግሞ ያሰላል። የቶዮታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ለመኪና አደጋ ጥናት ያወጣውና ከ2021 ጀምሮ በነፃ የቀረበው ተምስ የተባለው ሞዴል ከእነዚህ አንዱ ነው። ለመኪና የተሠራው ሞዴል ለጠፈርም አገልግሏል፤ በሁለቱም ቦታ የሚጋጨው ያው የሰው አካል ነውና።

ሞዴሉ ብቻውን ግን አይታመንም። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2016 በቨርጂኒያ በሚገኘው የላንግሌይ ማዕከል የጠፈር ልብስ የለበሱ የግጭት መሞከሪያ አሻንጉሊቶችን በኦራይን ሞዴል ውስጥ አስቀምጦ ወደ ውኃ ገንዳ ጥሏል። ስሌትና ልኬት ሲስማሙ እምነት ይጨምራል፤ ሳይስማሙ የሚታረመው ስሌቱ ነው።

የሄደውና የተመለሰው አካል

የጠፈርን ጉዳይ ከመኪና የሚለየው ዋና ነገር የተመለሰው አካል የሄደው አካል አለመሆኑ ነው። ክብደት በማይሰማበት ቦታ የጠፈርተኛው ዳሌና የጭን አጥንት በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን ማዕድን ሊያጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከአራት እስከ ስድስት ወር ተኩል የቆዩ 13 ጠፈርተኞችን የሲቲ ስካን ምስል ወደ ኮምፒውተር ሞዴል ለወጠ። ውጤቱ የሚያሳስብ ነበር፦ የጭን አጥንት አናት ሰው ሲቆም የሚደርስበትን ጭነት የመቋቋም ብቃቱ በአማካይ በወር 2.6 በመቶ፣ በጎን ሲወድቅ የሚደርስበትን ደግሞ 2.0 በመቶ ቀንሷል። ጥንካሬው ከማዕድኑ ይልቅ ፈጥኖ ይቀንሳል ማለት ነው። ማዕድንን ብቻ የሚለካ ሐኪም ይህን ባላየም ነበር።

አማካይ ቁጥር ግን ግለሰብን አይገልጽም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2008 ሶዩዝ ቲኤምኤ 11 ከታሰበው ይልቅ ቁልቁል ወረደች፤ በውስጧ የነበሩት ሦስት ሰዎች የክብደታቸው ስምንት እጥፍ ያህል ኃይል አረፈባቸው። ሁለቱ ለስድስት ወር ገደማ በጠፈር የቆዩ ነበሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በጀርባ ሕመም ሆስፒታል የገቡት ግን 11 ቀን ብቻ የቆዩት ደቡብ ኮሪያዊቷ ዪ ሶ ዮን ናቸው። የቀድሞዎቹ ሞዴሎች መረጃ በአብዛኛው ከወጣትና ጤናማ ወንድ ወታደሮች የተገኘ መሆኑን ስናስታውስ፣ የሴቶችን፣ የአጭሮችንና የረጃጅሞችን አካል የሚወክሉ ሞዴሎች ለምን እንደሚያስፈልጉ ግልጽ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የኮምፒውተር ሞዴል ትንቢት አይደለም። የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ የሚያውቀውም ከልኬት የተማረውን ብቻ ነው። በአፖሎ 12 ዘመን የተሻለ ሞዴል ቢኖር እንኳ ካሜራው በሞዴሉ ውስጥ ካልተካተተ የቢን ግንባር ከመቁሰል ባልዳነ ነበር። ስለዚህ የተመራማሪው የመጀመሪያ ተግባር «ኮምፒውተሩ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ሳይሆን «ምን ሳልነግረው ቀረሁ?» ብሎ ራሱን መመርመር ነው።

የመለማመጃ ጥያቄ፦ በሰከንድ 9 ሜትር የሚወርድ ጠፈርተኛ በእኩል መጠን እየቀነሰ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም የሚያርፍበት ኃይል የክብደቱ ስንት እጥፍ ነው? ርቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆንስ? (መልስ፦ 14 እጥፍ ገደማ፤ 7 እጥፍ ገደማ።)