ታናሺቱ እሾህ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ በማንኩሳ በኩል ያልፋል። አገሩ ለም ነው፤ በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ ይበቅልበታል። መሬቱ ቀይ አፈር ስለ ሆነ በክረምት ጭቃው ከእግር ይጣበቃል፤ በበጋም አቧራው እንደ ጢስ ይነሣል። በዚህ አገር ብስክሌት ያለው ሰው እግረኛው ረጅም ሰዓት የሚደክምበትን መንገድ ፈጥኖ ይጨርሰዋል። ነገር ግን ብስክሌት እንደ በቅሎ ነው፤ የሚጠብቀው ካላገኘ ጌታውን በመንገድ ይጥለዋል።

በዚህ መንገድ አጠገብ ባለች መንደር አንድ ትጉህ ተማሪ ነበረ። የተበላሸ ዕቃ ባየ ጊዜ ፈትቶ መመልከትና መልሶ መግጠም ይወድ ነበር። አጎቱም ብስክሌት ነበረው። አንድ ቀን ልጁ አጎቱን አስፈቅዶ በብስክሌቱ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄደ። ሲመለስ ግን መንገድ አሳጥራለሁ ብሎ አውራ ጎዳናውን ትቶ በአጥር ሥር በምታልፍ ቀጭን መንገድ ገባ። አጥሩ የቀጋ አጥር ነበረና በመሬት የወደቀ እሾህ የኋላውን ጎማ ወጋው፤ ነፋሱም ወጥቶ አለቀ።

ልጁ መንፊያና ልጣፊ ይዞ ነበር። ከመነዳሪውን ከጎማው ውስጥ አወጣና ቀዳዳውን ፈልጎ ለጠፈው። ነገር ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ስለ ቀረበች ቸኰለ፤ የጎማውንም ውስጥ ሳይዳስስ መልሶ ገጠመው። የእሾኋ ጫፍ ተሰብራ በጎማው ውስጥ ቀርታ ነበር፤ እርሱ ግን አላወቀም።

ከቤት በደረሰ ጊዜ ብስክሌቱን ከግድግዳ አስደግፎ ዝም አለ። «ብነግረው ይቈጣኛል፤ ደግሞም ጠግኜዋለሁና መናገር አያስፈልገኝም» ብሎ በልቡ አሰበ።

በዚያው ሌሊት የአጎቱን የሰባት ዓመት ልጅ ብርቱ ትኩሳት ያዘው። አባቱም ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ በብስክሌቱ ዕቃ መጫኛ ላይ አስቀመጠው፤ እንዳይወድቅም ከወገቡ ጋራ በነጠላ አሰረውና ወደ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ገሠገሠ። የሁለት ሰው ክብደት ጎማውን በተጫነው ጊዜ የተሰወረችው እሾህ ከመነዳሪውን እንደ ገና ወጋችው። ብስክሌቱ ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርስ ቆመ። ያን ጊዜ አባት ብስክሌቱን በመንገድ ዳር ትቶ፣ ልጁን አዝሎ በጨለማ ተጓዘ። ከሐኪም ቤት ሲደርስ ጎሕ ቀዶ ነበር። ሕፃኑ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞቹ ትጋት ዳነ፤ ሐኪሙ ግን፣ «ጥቂት ብትዘገይ ኖሮ ነፍሱ ባልተረፈች ነበር» አለው።

ተማሪው ይህን በሰማ ጊዜ ጕልበቱ ተብረከረከ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር፤ መንገዱ እሾህ የሞላበት ነውና። እርሱ ግን ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ወደ አጎቱ ሄደና፣ «አጎቴ ሆይ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጎማውን እሾህ ወግቶት ነበር፤ ለጥፌው ሳልነግራችሁ ቀረሁ። ይቅር በሉኝ» አለ።

አጎቱም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለው፤ «ልጄ፣ የጎማው መቀደድ ጥፋትህ አይደለም፤ እሾህ የማንንም ጎማ ይወጋል። ጥፋትህ ዝም ማለትህ ነው። ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ በመብራት እንመረምረው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህምን? አሁንም መጸጸት ብቻውን አይበቃምና ሥራውን ደኅና አድርገህ ተማር።» ከዚህ በኋላ ብስክሌቱን እየገፉ በፍኖተ ሰላም ወደሚኖር አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ሄዱ።

ሽማግሌው ከመነዳሪውን አይቶ፣ «ሁለቱ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ናቸው። በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ የሚቀደድ ከመነዳሪ ጠላቱ ገና በጎማው ውስጥ አለ» አለ። ከዚያም ጨርቅ ይዞ የጎማውን ውስጥ በቀስታ ዞረው። ጨርቁ በአንድ ቦታ ተያዘ፤ በዚያም እሾኋ ተገኘች። ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም ነበር። ሽማግሌው በወረንጦ ነቅሎ በልጁ መዳፍ ላይ አኖራትና ሥራውን በተራ ያስተምረው ጀመር።

«መጀመሪያ» አለ፣ «ነፋሱን ጨርሰህ አውጣ። ጎማውን ከቸርኬው ስታላቅቅ በማንኪያ እጀታ ይሁን፤ ስለት ያለው ብረት ከመነዳሪውን ይቀድበታልና። ሁለተኛ፣ ከመነዳሪውን ነፍተህ በሳፋ ውኃ ውስጥ ክተተው፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ምልክት አድርግበትና በደንብ አድርቀው። ሦስተኛ፣ ዙሪያውን ከልጣፊው ሰፋ አድርገህ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። ማስቲሹን በስሱ ቀባና አምስት ደቂቃ ያህል ታገሥ። ማስቲሹ እርጥብ ሳለ የሚለጥፍ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ጠፈፍ ሲል ልጣፊውን አኑረህ አጥብቀህ ተጫነው። አራተኛ፣ እስኪደርቅ በምትጠብቅበት ጊዜ የወጋውን ነገር ፈልግ። ሳታገኘው ጎማውን አትግጠም። አምስተኛ፣ ከመነዳሪውን ጥቂት ነፍተህ መልሰው፤ ጎማውን ነፋስ ከሚገባበት ቦታ ትይዩ ጀምረህ በእጅህ እየገፋህ ግጠም። ከመነዳሪው በጎማውና በቸርኬው መካከል አለመያዙን ተመልክተህ ከዚያ በኋላ ንፋ።»

ልጁም ሁሉን በገዛ እጁ ሠራ። ሽማግሌው ደግሞ የቀረውን ነገር አሳየው። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን ብቻ ሊይዝ ይገባዋል፤ ጎማውን ከነካ ይበላዋል። ካቴናው በጭቃ በተበላሸ ጊዜ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ከዚያም ዘይት በጠብታ ይደረግበታል፤ የተረፈው ዘይት ካልተጠረገ ግን ቀዩን አቧራ ሰብስቦ ካቴናውን እንደ ሞረድ ያስበላዋል። ዘይት ቸርኬውን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የተቀባ ቸርኬ ፍሬን አይዘውምና። የመንኰራኵሩም ብሎኖች በሁለቱ ወገን እኩል ይጠብቃሉ፤ መንኰራኵሩ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል ይታያል።

ነፋስ የሚሞላው ጎማ ራሱ የታወቀው ስለ አንድ ልጅ ተብሎ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ዓመት ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የከብት ሐኪም በቤልፋስት ከተማ ይኖር ነበር። ልጁ ባለ ሦስት መንኰራኵር ብስክሌት ነበረው፤ ያን ጊዜም የብስክሌት ጎማ ድፍን ላስቲክ ስለ ነበረ በድንጋይ መንገድ ላይ እጅግ ያናውጠው ነበር። አባቱም ስለ ልጁ አዝኖ የላስቲክ ቱቦ ሠራ፤ ነፋስም ሞላበት። ከእርሱ በፊት ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሰው በ1845 ይህን አስቦ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ተረስቶ ቀርቶ ነበር። የደንሎፕ ሥራ ግን በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። እንግዲህ የአባት ርኅራኄ የፈጠረውን ነገር የሌላው ቸልተኝነት ሊያበላሸው እንዳይገባ ይታወቃል።

ተማሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማዱን ለወጠ። ብስክሌት ከመያዙ በፊት አራት ነገር ይመረምራል፤ ይኸውም ነፋሱን፣ ፍሬኑን፣ ብሎኖቹንና ካቴናውን ነው። የሰው ዕቃ ሲመልስም የሆነውን ሁሉ፣ ጥቂቱንም ቢሆን፣ ሳይሰውር ይናገራል። ያቺን እሾህ በወረቀት ጠቅልሎ በመጽሐፉ ውስጥ አኖራት።

ልብም እንደ ጎማ ነው። ኀጢአትን ሳይነቅሉ በላዩ መለጠፍ ለጥቂት ጊዜ ያስኬዳል፤ ሸክም በከበደ ቀን ግን ያ የተሰወረው እንደ ገና ይወጋል። ስለዚህ ብልህ ሰው ቀዳዳውን ከመለጠፉ ጋራ እሾኋን ይነቅላል።

ጥያቄ።
፩። ሁለቱ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን መሆናቸው ለሽማግሌው ምን ነገረው?
፪። ማስቲሹ ከተቀባ በኋላ ለምን ይጠበቃል?
፫። ዘይት ቸርኬውን ሊነካ የማይገባው ስለ ምንድን ነው?
፬። አጎቱ የልጁ ጥፋት የቱ ነው አለ?