መጠይቅ ሲመጣ «ሁሉም ጥሩ ነው» ብለን እንዳናልፍ

በዛሬው የትምህርት አምዳችን ስለ ተማሪዎች መጠይቅ እንማማራለን። መልካም ንባብ!

1. መጠይቅ ምንድን ነው?

መጠይቅ ማለት ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቆ የሚመልስበት ወረቀት ነው። ፈተና አይደለም፤ ማርክም የለውም። ፈተና ተማሪው ምን ያህል እንዳወቀ ያሳያል። መጠይቅ ደግሞ ተማሪው እንዴት እየተማረ እንደሆነ ያሳያል።

በሀገራችን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሃ ግብር አለ። መርሃ ግብሩ 4 ዋና ክፍሎች አሉት፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር እና የህብረተሰብ ተሳትፎ። ትምህርት ቤቶች በእነዚህ ራሳቸውን ሲገመግሙ የተማሪ፣ የመምህርና የወላጅ አስተያየት በመጠይቅ ይሰበሰባል። የህጻናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12ም ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሀሳባቸውን እንዲገልጹና እንዲሰሙ ይላል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው።

2. የእኛ መልስ ይጠቅማል ወይ?

«ልጆች ምን ያውቃሉ?» የሚል ሰው ይኖራል። በአሜሪካ ወደ 3000 የሚጠጉ መምህራን የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ተማሪዎቹ «መምህራችን ግልጽ አድርገው ያስረዱናል፣ እንድናስብ ያደርጉናል» ያሉባቸው ክፍሎች በአማካይ የተሻለ የትምህርት ለውጥ አሳይተዋል። ተማሪ በየቀኑ ክፍል ውስጥ ስለሚውል፣ አንድ ቀን ገብቶ የሚያይ ሰው የማያየውን ያያል ማለት ነው።

ግን ይህ የሚሆነው እውነቱን ከጻፍን ነው። ብዙ ጊዜ መጠይቅ ሲታደል ዝም ብለን «በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ብቻ ራይት እናደርጋለን። አንዳንዱ ይፈራል፣ አንዳንዱ ቶሎ ወጥቶ ኳስ መጫወት ይፈልጋል። እንዲህ ከሆነ ወረቀቱ 100% ይላል፤ ያልገባው ልጅ ግን እንዳልገባው ይቀራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ?

3. ጥሩ ጥያቄ የትኛው ነው?

«መምህሩ ጎበዝ ናቸው?» የሚለው ጥሩ ጥያቄ አይደለም። መልሱ ሙገሳ ወይ ወቀሳ ስለሚሆን ምን መስተካከል እንዳለበት አይነግረንም። የሚከተሉት ግን ጥሩ ናቸው፦

ሀ) ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ይታየኛል።
ለ) ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታም የመምህሩ ድምጽ ይሰማኛል።
ሐ) ያልገባኝን ለመጠየቅ አልፈራም።
መ) የቤት ሥራዬ ታርሞ ይመለስልኛል።

መልሱ «አዎ»፣ «አንዳንዴ»፣ «አይደለም» ይሁን። ለታችኛው ክፍል ልጆች ደግሞ ጥያቄው በሚማሩበት በከምባትኛ ተነቦላቸው እጅ ቢያወጡ ይሻላል። ግን ጓደኛቸውን አይተው እንዳያወጡ ዓይናቸውን ይጨፍኑ!

ስም አይጻፍም። የእጅ ጽሑፍም ስለሚታወቅ ምልክት ብቻ ማድረግ በቂ ነው። ወረቀቱን የሚሰበስበውና የሚቆጥረው የዚያ ትምህርት መምህር ባይሆን ተማሪ አይፈራም። የተማሪዎች ፓርላማ ወይም ሌላ መምህር ሊቆጥረው ይችላል።

4. አቆጣጠሩስ?

እዚህ ላይ የሒሳብ ትምህርታችን ይጠቅመናል። ለምሳሌ በአንድ ክፍል 60 ተማሪዎች አሉ እንበል። «ሰሌዳው ይታየኛል» ለሚለው 39ኙ «አዎ» አሉ። 39 ሲካፈል ለ60፣ ሲባዛ በ100፣ 65% ይሆናል። «ከግማሽ በላይ ነው፣ ደህና ነው» ብለን ልናልፍ እንችላለን።

አሁን ወረቀቱ ላይ «የምትቀመጡት ፊት ነው ወይስ ኋላ?» የሚል አንድ ጥያቄ ጨምረን ነበር እንበል። ለየብቻ ስንቆጥር ፊት ከሚቀመጡት 30 ልጆች 28ቱ «አዎ» ብለዋል፤ 93% ገደማ ነው። ኋላ ከሚቀመጡት 30 ግን «አዎ» ያሉት 11 ብቻ ናቸው፤ 37% ገደማ። አያችሁ? 65% የሚለው ቁጥር የኋላዎቹን ልጆች ደብቋቸው ነበር። እነዚህን ልጆች «ሰነፍ ናቸው፣ ይረብሻሉ» ልንላቸው እንችላለን፤ ችግሩ ግን ሰሌዳው አለመታየቱ ነው። መፍትሔውም ብር አይጠይቅም፦ በየሳምንቱ ቦታ መቀያየር፣ ሰሌዳ ላይ ተለቅ አድርጎ መጻፍ።

5. ከዚያ በኋላስ?

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ወረቀቱ ተሰብስቦ ቢሮ ውስጥ ከተቆለፈበት ተማሪው በሚቀጥለው ጊዜ «ምን ዋጋ አለው?» ይላል፤ እውነቱንም አይጽፍም። ስለዚህ ውጤቱ በ2 ሳምንት ውስጥ በስም ጠሪ መምህር በኩል ለክፍሉ ቢነገር ጥሩ ነው። «እንዲህ ብላችኋል፣ ይህን እናስተካክላለን፣ ይህን ደግሞ በዚህ ምክንያት አሁን አንችልም» ቢባል ይበቃል። የማይቻለውም በግልጽ ቢነገረን አንከፋም። ከወር በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ መጠየቅ ነው። 37% የነበረው ከፍ ካለ መፍትሔው ሰርቷል ማለት ነው፤ ካላለ ሌላ መፍትሔ ይፈለጋል።

የተከበራችሁ መምህራን፣ መጠይቅ እናንተን ለመክሰስ አይደለም። አንድ መምህር 60 ልጅ ፊት ቆሞ የእያንዳንዱን ልብ ሊያውቅ አይችልም፤ ወረቀቱ ያግዘዋል። እኛ ተማሪዎችም ኃላፊነት አለብን። መጠይቅ ላይ መሳደብ፣ የተቀየምነውን መበቀል ነውር ነው። «ትምህርቱን ቶሎ ቶሎ ስለሚሄዱ መጻፍ አልደርስም» ብንል ግን ለመምህሩም ለእኛም ይጠቅማል።

መልመጃ

በአንድ ክፍል 50 ተማሪዎች አሉ። «የቤት ሥራዬ ታርሞ ይመለስልኛል» ለሚለው 35ቱ «አዎ» አሉ።
ሀ) በፐርሰንት ስንት ነው?
ለ) የቀሩት 15 ልጆች እነማን ሊሆኑ ይችላሉ? ስማቸውን ሳንጠይቅ ለማወቅ ምን ዓይነት ጥያቄ እንጨምር?

መልሳችሁን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት ስጡ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!