የበቆሎ አበባና የወባ ትንኝ

መስከረም ሲጠባ በፍኖተ ሰላም፣ በጅጋ፣ በቡሬና በወንበርማ ገጠር በቆሎው ከሰው ቁመት ይበልጣል። አደይ አበባ ይፈካል። የክረምቱ ችግር አልፎ እሸት የሚበላበት ጊዜ ይደርሳል። ነገር ግን ደስታው ሳይሞላ አንድ ክፉ እንግዳ ይመጣል። መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይላል፤ ያንቀጠቅጣል። ከዚያ ገላ እንደ እሳት ይነዳል፤ ራስን ይፈልጣል፤ ጉልበት ይከዳል። ይህ በሽታ ወባ ነው። ገላን ስለሚያነድ አባቶቻችን ንዳድ ብለውታል።

በብዙ የአገራችን ቆላ «ንዳድ የሚያመጣው የበቆሎ እሸት ነው»፣ «አገዳ መምጠጥ ነው» ሲባል እንሰማለን። ይህ አባባል እውነት ነውን? ወይስ ሐሰት? በዚህ ትምህርት ይህን እንመረምራለን። ለመመርመር ግን በመጀመሪያ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል። እነርሱም የወባ ተውሳክ፣ የወባ ትንኝና የበቆሎ አበባ ናቸው።

1. የወባ ተውሳክ

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከሕዋሳት የተሠራ ነው። ቤት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ እንደሚሠራ፣ ሰውም፣ በሬውም፣ በቆሎውም እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ ሕዋሳት ተሠርተዋል። ደማችን ቀይ የሆነውም እጅግ ብዙ ቀይ ሕዋሳት ስላሉበት ነው።

ወባን የሚያመጣው አንድ ብቻውን የሚኖር ሕዋስ ነው። በዓይን አይታይም። የሚታየው ማይክሮስኮፕ በሚባለው አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። መዥገር የከብትን ደም እየመጠጠች እንደምትኖር፣ ይህም ተውሳክ በሰው ገላ ውስጥ ገብቶ የሰውን ሲሳይ እየበላ ይኖራል። ስለዚህ ጥገኛ ተውሳክ ይባላል።

ተውሳኩ ወደ ሰው ገላ ሲገባ በመጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይራባል። ከዚያ ወደ ደም ይወጣና ቀዮቹን ሕዋሳት ይወራል። በውስጣቸው ከተራባ በኋላ ያፈነዳቸዋል። በአገራችን በብዛት በሚገኙት ሁለት ዓይነት የወባ ተውሳኮች ይህ የሚሆነው በየ48 ሰዓቱ ያህል ነው። ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን እየዘለለ የሚነሣው ለዚህ ነው። የታመመ ሰው የሚገረጣውና የሚደክመውም ደሙ ስለሚያልቅበት ነው።

ይህን የዓለም ሰዎችም ለብዙ ዘመን አላወቁትም ነበር። ማላሪያ የሚለው የጣሊያን ቃል «መጥፎ አየር» ማለት ነው። በሽታው ረግረግ ባለበት አገር ስለሚበዛ ከረግረጉ የሚነሣው ሽታ ያመጣው መሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ1880 ላቭራን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አልጄሪያ ውስጥ ተውሳኩን በበሽተኛ ደም ውስጥ አየ። እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ ሮናልድ ሮስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሕንድ ውስጥ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። ስለዚህ ጥፋተኛው አየሩ አልነበረም። በረግረጉ ውስጥ የምትፈለፈለው ትንኝ ነበረች።

በአገራችን ወባ ያደረሰው ጥፋት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። በሚቀጥለው ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ሠራተኞቹ በየመንደሩ እየዞሩ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ዲዲቲ ይረጩ እንደ ነበር ብዙ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ።

2. የወባ ትንኝ

ሰውን የምትነክሰው ሴቷ ትንኝ ብቻ ናት። ወንዱ የአበባና የቅጠል ጣፋጭ ፈሳሽ እየመጠጠ ይኖራል። ሴቷ ግን እንቁላሏን ለማሳደግ ደም ያስፈልጋታል። የወባ ትንኝ አብዛኛውን ጊዜ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የታመመውን ሰው ስትነክስ ተውሳኩን ከደሙ ጋር ትመጣለች። ተውሳኩ በሆዷ ውስጥ ለመብሰል ብዙውን ጊዜ ከ10 ቀን በላይ ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ ሌላውን ጤነኛ ሰው ስትነክስ ታስተላልፍበታለች።

አየሩ ሲቀዘቅዝ ተውሳኩ ቶሎ አይበስልም። ትንኟ ቀድማ ትሞታለች። ወባ ከደጋው ይልቅ በቆላው የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ትንኝ በአራት ደረጃ ታድጋለች።

አንደኛ፦ እንቁላል። እንቁላሏን በረጋ ውሃ ላይ ትጥላለች። ብዙ ውሃ አያስፈልጋትም። ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ ኩሬ፣ ለቤት ሥራ ጭቃ የወጣበት ጉድጓድ፣ የበሬ ኮቴ የረገጠው ስፍራ እንኳ ይበቃታል።

ሁለተኛ፦ እጭ። እንቁላሉ ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ተፈልፍሎ ትንሽ ትል ይሆናል። ይህ እጭ ይባላል። የወባ ትንኝ እጭ በውሃው ፊት ላይ ተጋድሞ ይንሳፈፋል። የሚበላውም በውሃው ፊት ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ነገር ነው። ይህን ነገር አደራ እናስታውሰው፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ሦስተኛ፦ ሙሽሬ። እጩ ካደገ በኋላ ቅርጹን ለውጦ ይጎብጣል። በዚህ ጊዜ ምንም አይበላም።

አራተኛ፦ ክንፍ ያላት ትንኝ። ቆዳውን ቀድዳ ወጥታ ትበራለች።

ከእንቁላል እስከ መብረር ያለው ጊዜ እንደ ሙቀቱና እንደ ምግቡ ይለያያል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይሆናል። ጥጃ በደንብ ካልጠባ እንደሚቀጭጭ፣ እጭም ምግብ ካነሰው ይቀጭጫል ወይም ይሞታል። የጠገበ እጭ ግን ቶሎ ያድጋል፤ ትልቅና ጠንካራ ትንኝ ይሆናል።

3. የበቆሎ አበባ

በቆሎ የአሜሪካ አገር ተክል ነው። ባሕር ተሻግሮ ስለ መጣ በድሮ ጊዜ የባሕር ማሽላ ይባል ነበር። በአንድ የበቆሎ ተክል ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻቸው ይገኛሉ። ወንዴው በአናቱ ላይ እንደ ጭራ ተበትኖ የሚታየው ነው። ሴቴው ከወገቡ ላይ የሚወጣው ነው፤ ጫፉ ላይ የምናየው ጸጉር የእርሱ ክፍል ነው።

ወንዴው አበባ ሲደርስ ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ያራግፋል። ይህ የአበባ ብናኝ ይባላል። ከአንድ ተክል የሚራገፈው ብናኝ በሚሊዮን ይቆጠራል። ነፋስ ወስዶ ከጸጉሩ ላይ ሲያሳርፈው ፍሬ ይያዛል። እያንዳንዱ ፍሬ የራሱ ጸጉር አለው። ብናኝ ያላገኘ ጸጉር ፍሬ አይዝም። አንዳንዱ እሸት ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ታዲያ ከብናኙ ጥቂቱ ብቻ ነው ከጸጉሩ ላይ የሚያርፈው። የቀረው በማሳው ውስጥና በአቅራቢያው ይወድቃል። በቅጠል ላይ፣ በመሬት ላይ፣ በኩሬም ላይ ያርፋል። በኩሬ ላይ ያረፈው ይንሳፈፋል።

አሁን ቀደም ሲል አደራ ያልነውን እናስታውስ። የትንኟ እጭ የሚበላው በውሃ ፊት ላይ የሚንሳፈፈውን ነው። የበቆሎ ብናኝም ለእርሱ ጥሩ ቀለብ ነው። በአገራችን ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ምርምር ይህን አረጋግጧል። አበባ ባወጣ በቆሎ አጠገብ ባለ ውሃ ውስጥ ያሉ እጮች ከበቆሎ ከራቁት ይልቅ ቶሎ አደጉ። ሳይሞቱ ለመብረር የበቁትም በዙ። ትንኞቹም ትልልቅ ሆኑ።

4. በቡሬ የታየው ነገር

እ.ኤ.አ. በ1998 በቡሬ ወረዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ተመራማሪዎችም በቆሎ በብዛት የሚዘራበትን ቀበሌና በቆሎ አነስ ብሎ የሚዘራበትን ቀበሌ አወዳደሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። በቆሎ በሚበዛበት ስፍራ የወባ በሽተኛ 9.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይህም ማለት በአንደኛው ስፍራ 10 ሰው ቢታመም፣ ያንኑ ያህል ሕዝብ ባለበት በሌላው ስፍራ 95 ሰው ታመመ ማለት ነው።

ይህ ለምን ሆነ? ከዚያ ጊዜ ቀደም ብሎ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በየገጠሩ ተሠራጭቶ ነበር። በባኮ የምርምር ጣቢያ የተገኘው ቢኤች 660 የተባለው ዘር ምርቱ ብዙ ነው። ለመድረስ ግን ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ አበባውን የሚያራግፈው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ያን ጊዜ ዝናቡ ይቀንሳል፤ ፀሐይ ይወጣል፤ ኩሬው ሳይደርቅ ይሞቃል። ትንኝ የምትፈልገውም ይህንኑ ነው። ቀለቡም፣ ውሃውም፣ ሙቀቱም በአንድ ወር ተገናኙ ማለት ነው።

5. አባቶቻችን ያዩት

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አንድ ሽማግሌና አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በጤና ኬላው በር ላይ ተገናኝተው ይነጋገራሉ እንበል።

«እኔስ ድሮም በቆሎ ነው ብዬ አልነበረም?» አሉ ሽማግሌው።

«ያዩትስ ልክ ነው አባቴ» አለቻቸው። «ንዳዱና እሸቱ በአንድ ወቅት ይመጣሉ። ነገር ግን እሸት በልቶ ወባ የያዘው ሰው የለም። ተውሳኩን የምታስገባው ትንኟ ናት። በቆሎው የሚያደርገው ነገር ቢኖር ልጆቿን መቀለብ ነው።»

«እህ! ታዲያ ልጄ፣ በቆሎዬን ንቀለው ልትይኝ ነው? ልጆቼን በምን ላበላ?»

«ኧረ አይንቀሉት! አበባውንም አይቁረጡት፤ ፍሬ አይዝም። የሚነቀለው ኩሬው ነው። ብናኙ በደረቅ መሬት ላይ ቢወድቅ ማንን ይቀልባል?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «ከጓሮዬ ጥግ የጭቃ ጉድጓድ አለች፤ ዛሬውኑ እደፍናታለሁ» አሉ።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። አባቶቻችን ወቅቱን አስተውለው ነበር፤ ማስተዋላቸውም ትክክል ነበር። የተሳሳተው ምክንያቱ ብቻ ነው። የጣሊያን ሰዎችም ረግረጉን አይተው አየሩን እንደ ከሰሱ ሁሉ፣ የእኛም ሰዎች በቆሎውን አይተው መብሉን ከሰሱ። ማየት የእውቀት መጀመሪያ ነው። መመርመር ሲጨመርበት ሙሉ ይሆናል።

6. ምን እናድርግ?

ሀ. በበቆሎ ማሳና በመኖሪያ ቤት አካባቢ የረጋ ውሃ እንዳይኖር ማድረግ። ጉድጓዱን መድፈን፤ ኩሬውን በቦይ ማፍሰስ። ትንኝ ለማደግ ከሳምንት በላይ ስለሚፈጅባት ሥራው በየሳምንቱ ይሠራ። እንደ ወንፈልና እንደ ደቦ ተጠራርቶ ቢሠራ ይቀላል። አንዱ ደፍኖ ጎረቤቱ ቢተው ትንኟ አጥር አያግዳትም።

ለ. በቆሎ ከቤት አጠገብ የሚዘራው ፍግ ስለሚያገኝና ከዝንጀሮና ከጃርት ለመጠበቅ ስለሚመች ነው። ቢሆንም ለቤቱ ቅርብ የሆነውን መሬት ለድንች፣ ለጎመን ወይም ለበርበሬ አድርጎ በቆሎውን ራቅ ማድረግ ከተቻለ መልካም ነው።

ሐ. ሁልጊዜ በአጎበር ውስጥ መተኛት። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ይቅደሙ፤ ወባ በእነርሱ ላይ ይበረታል። አጎበር የእህል መቋጠሪያ አይደለም።

መ. የቤት ርጭት ሲደረግ እምቢ አለማለት፤ ከተረጨም በኋላ ግድግዳውን አለመለቅለቅ።

ሠ. ትኩሳት ሲጀምር በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም መመርመር። የተሰጠውን መድኃኒት «ተሻለኝ» ብሎ ሳያቋርጡ መጨረስ። በደሙ ተውሳክ የቀረ ሰው ትንኝ ነክሳው ለጎረቤቱ ታደርስበታለች።

በቆሎ ጠላታችን አይደለም፤ ጎተራችንን የሚሞላ ወዳጃችን ነው። ነገር ግን የመከር ጊዜ ደርሶ ገበሬው በወባ ከተኛ ዝንጀሮው ይበላዋል። ማሳውን እንደምናርም ኩሬውንም እናድርቅ። ያን ጊዜ እሸቱ ያለ ንዳድ ይበላል።

ጥያቄዎች

1. ከወባ ትንኞች የምትነክሰው የትኛዋ ናት? ለምን?
2. የትንኝ እድገት አራት ደረጃዎች ምን ምን ናቸው?
3. የበቆሎ ብናኝ ለእሸቱ ምን ይጠቅማል? ለትንኟ እጭስ?
4. «የበቆሎ እሸት ንዳድ ያመጣል» በሚለው አባባል ትክክሉ ምንድን ነው? ስሕተቱስ?
5. ከቤታችሁ እስከ ማሳችሁ ድረስ ስንት ስፍራ ውሃ ረግቷል? ዞራችሁ ቁጠሩና ጻፉ።