ስለ ዶሮ መድኃኒትና መድኃኒት ስለ ለመዱ ባክቴርያዎች

ባክቴርያ የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፍጥረቶች ናቸው። አያሌዎቹ በሰውና በእንስሳ አንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት ይኖራሉ፤ ሌሎቹ ግን በሽታ ያመጣሉ። እነዚህን የሚገድለው መድኃኒት ፀረ ባክቴርያ ይባላል። ከነዚሁ መድኃኒቶች አንዱን፥ ፔኒሲሊንን፥ ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1928 በሎንዶን ከተማ አገኘው። እርሱም በ1945 የኖቤልን ሽልማት በተቀበለ ጊዜ፥ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን አሳንሶ መውሰድ ባክቴርያዎቹን መድኃኒት እንደሚያስለምዳቸው አስጠነቀቀ።

ነገሩ እንደ አረም ነው። ገበሬ ማሳውን ሲያርም ሥሩ የጠነከረውን ቢተወው፥ በከርሞ የሚበቅለው ከዚያው ከጠንካራው ዘር ነው። እንዲሁም መድኃኒት ደካሞቹን ባክቴርያዎች ገድሎ ብርቱዎቹን ሲተው፥ የቀሩት ይራባሉ፤ ብርታታቸውንም ለሌሎች ባክቴርያዎች ያስተላልፋሉ።

ይህም በዶሮ እርባታ ተመርምሮ ታውቋል። ስቱዋርት ሌቪ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ በ1976 ባሳተመው ጥናት፥ በአንድ እርሻ ለሚኖሩ ዶሮዎች ቴትራሳይክሊን ከሚባሉት ወገን የኾነ መድኃኒት ከመኖ ጋራ ተቀላቅሎ ተሰጠ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንጀታቸው ያሉት ባክቴርያዎች ኹሉም ለማለት ጥቂት ሲቀር መድኃኒቱን የለመዱ ኾኑ። ከ5 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜም ከእርሻው ቤተ ሰዎች ዓይነ ምድር በየሳምንቱ ከተወሰደው ናሙና፥ ከመቶው 31 ያህሉ በለመዱ ባክቴርያዎች የተሞላ ኾኖ ተገኘ፤ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ግን ከመቶው 7 ያህሉ ብቻ ነበር። መድኃኒቱ የተሰጠው ለዶሮዎቹ እንጂ ለሰዎቹ አልነበረም።

ስለዚህ ዶሮ ቶሎ እንዲወፍር ብሎ ፀረ ባክቴርያ መመገብ ተገቢ አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረትም ይህን ልማድ ከ2006 ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ከልክሏል።

ዶሮ የሚያረባ ሰው የሚከተለውን ይጠብቅ።

፩ኛ፤ ፈንግል የሚባለው በሽታ ከቫይረስ እንጂ ከባክቴርያ ስለማይመጣ፥ ፀረ ባክቴርያ አይፈውሰውም። መከላከያው ክትባት ነው።

፪ኛ፤ ለሰው የተገዛ መድኃኒት ለዶሮ አይሰጥ፤ ዶሮ ሲታመም የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ።

፫ኛ፤ የታዘዘው መድኃኒት በመጠኑና በቀኑ ይፈጸም። ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍም ዕንቍላሉና ሥጋው አይበላ፥ አይሸጥም።

፬ኛ፤ የዶሮ ቤት ይጠረግ፤ ኩስና ዶሮ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ የሞተ ዶሮም በጥልቅ ይቀበር።

መድኃኒት በከንቱ ሲባክን፥ የለመዱት ባክቴርያዎች በቤት ውስጥ ይበዛሉ። ኋላ ሕፃን በነዚሁ ባክቴርያዎች ቢታመም፥ ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒት ሳያድነው ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ። ፩፤ ባክቴርያዎች መድኃኒት የሚለምዱት እንዴት ነው? ፪፤ ፀረ ባክቴርያ ፈንግልን የማይፈውሰው ስለ ምንድር ነው? ፫፤ ለዶሮ የተሰጠ መድኃኒት ሰውን የሚጎዳው በምን መንገድ ነው?