የአርክቴክት ዋጋ እንዴት ይተመናል? ወደ ሙያውስ በምን መንገድ ይገባል?

በቢስቲማ፣ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ሱቅና መጋዘን ለማሠራት ያሰበ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ነው። ለፕላን የሚከፈለው ገንዘብ ግን ለብዙዎች ዕቃ ያልተገዛበት ወጪ ይመስላል። ስለዚህ ዋጋው የሚተመንበትን መንገድ መረዳት ለአሠሪውም፣ ልጁን ወደዚህ ሙያ ለመላክ ለሚያስብ ወላጅም ይጠቅማል።

አርክቴክት ቦታውን መርምሮ የክፍሎቹን አቀማመጥ፣ የብርሃንና የአየር መግቢያውን፣ የዕቃ ማውረጃውን የሚወስን፣ ይህንንም በፕላን የሚገልጽ ባለሙያ ነው። የኮንክሪቱንና የብረቱን ጥንካሬ የሚያሰላው የስትራክቸር መሐንዲስ ነው። ሁለቱን ሙያዎች አንድ አድርጎ ማየት አይገባም።

ክፍያው በሦስት ዓይነት ይፈጸማል። ተቀጣሪው የወር ደመወዝ ያገኛል። በግሉ የሚሠራው ደግሞ ወይ ቁርጥ ዋጋ ይዋዋላል፤ ይህም ብዙ ጊዜ በካሬ ሜትር ይታሰባል፤ ወይም ከሕንፃው ግምት በመቶ ይህን ያህል ተብሎ ይከፈለዋል።

ለምሳሌ ያህል፣ የሕንፃው ግምት 4,000,000 ብር፣ ስምምነቱም በመቶ 3 ቢሆን ዋጋው 120,000 ብር ይሆናል። ከዚህም 36,000 ብር ለመጀመሪያው ንድፍ፣ 60,000 ብር ለዝርዝር ፕላን፣ 24,000 ብር ለሥራው ቁጥጥር ሊመደብ ይችላል። ነገር ግን የሕንፃው ወጪ 5,000,000 ብር ቢደርስ የባለሙያው ድርሻ ወደ 150,000 ብር ከፍ ይላል። ስለዚህ ሒሳቡ የሚሠራው በመጀመሪያው ግምት ይሁን ወይስ በመጨረሻው ወጪ፣ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ብዙ አሠሪዎች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ በመጀመሪያ የሚያስቀሩት ቁጥጥሩን ነው። ይህ አደገኛ ቁጠባ ነው። አካባቢያችን በስምጥ ሸለቆ ዳርቻ የሚገኝ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ፕላኑ መልካም ሆኖ ሳለ ብረቱ ቢጎድል ጉዳቱ በዕቃው ብቻ አይወሰንም፤ በውስጡ ባሉት ሰዎች ሕይወት ላይም ይደርሳል።

ወደ ሙያው ለመግባት የሚሻ ወጣት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የተፈጥሮ ሳይንስን መርጦ በሒሳብና በፊዚክስ መበርታት፣ እጁንም በሥዕል ማለማመድ አለበት። በ1954 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በልደታ የሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ በአገራችን የዚህ ሙያ ቀደምት ትምህርት ቤት ነው። በቅርባችን የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስላለ፣ ተማሪው በየትኞቹ የትምህርት ዘርፎች እንደሚቀበል አስቀድሞ ይጠይቅ። ከምረቃ በኋላ ልምድ ካለው ባለሙያ ሥር ሠርቶ የሙያ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ገቢው ቀስ በቀስ ከልምድ ጋር የሚያድግ መሆኑን ወላጅ ይወቅ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ መሠረት ከተቆፈረ በኋላ ፕላን መፈለግ ኪሣራ ነው። ነጋዴ ሆይ፣ ውል ከመፈረምህ በፊት የባለሙያውን ፈቃድ ተመልከት፤ ቀድሞ የሠራቸውን ሕንፃዎች ጎብኝ፤ ክፍያውንም በየሥራው ደረጃ ከፍለህ ተዋዋል።