ስልኩን ለእማዬ ከማንበብሽ በፊት

እስቲ ጣትሽን አንሺና ልየው። «ዶላር 200 ገባ» ብለሽ ነው የጻፍሽው? አጥፊው። ገባ ብለሽ ስትጽፊለት ገባ የሚሉትን ሁሉ ለቃቅሞ ያመጣልሻል፤ ያኔ «ይኸው፣ ሁሉም እያለ ነው» ትያለሽ። ሁሉም አላለም። አንቺ ያልሽውን ነው መልሶ የሰጠሽ። ይልቅ «የዛሬ የንግድ ባንክ የውጭ ምንዛሪ» ብለሽ ጻፊ።

አልተቆጣሁሽም። ዜና በበዛበት ሳምንት ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ደንግጦ ሲጽፍ የሰማውን ይጽፋል፣ ማወቅ የፈለገውን ይረሳል። ግን አንቺ ለራስሽ ብቻ አትፈልጊም። በየቤቱ አንድ ፈላጊ አለ፤ የኛ ቤት ፈላጊ አንቺ ነሽ። እማዬ ከወጥ ቤት ሆና «ምን አሉ?» ትላለች። ጎረቤት ቡና ላይ ይጠይቅሻል። አክስታችን ከጎጃም ትደውላለች፣ ጅዳ ያለችው ልጇ ደግሞ በኢሞ ድምፅ ትልካለች። አንቺ ከስልክሽ ያነበብሽው ማታ በአራት ቤት ይወራል። ስለዚህ ከማንበብሽ በፊት የምነግርሽ አለ፤ እየጻፍሽ ስሚኝ።

መጀመሪያ፣ ቁጥር ስታይ ቀኑን እዪ። ሐምሌ 22 ቀን 2016ን ታስታውሺያለሽ፤ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ያደረገበት ሰኞ ነው። ዓርብ 57 ብር ከ48 ሳንቲም የነበረው ዶላር ሰኞ ንግድ ባንክ ላይ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ሆነ። ነሐሴ ላይ ደግሞ 100ን ተሻገረ። እንግዲህ ያን ሰኞ «100 ገባ» ያለ ሰው ስለ ባንክ ከሆነ የሚያወራው ተሳስቷል፤ በነሐሴ «74 ነው» ያለውም ተሳስቷል። ሁለቱም ግን ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ተቀምጠዋል። ገጹ አይሞትም፤ አንቺ ስትፈልጊ ዛሬ እንደተጻፈ መስሎ ፊትሽ ይመጣል።

ደግሞም «ዶላር ስንት ነው» አንድ ጥያቄ አይደለም። የባንክ ነው የጥቁር ገበያ? መግዣው ነው መሸጫው? ጅዳ ያለችው ልጅ ገንዘብ ስትልክ የሚመለከታት ባንኩ ከእሷ የሚገዛበት ዋጋ ነው፤ እሱም የሪያል እንጂ የዶላር አይደለም። አንቺ የጥቁር ገበያ መሸጫ አይተሽ ብትነግሪያት ባንኩ የሰረቃት ይመስላታል። እማዬ ደግሞ የጠየቀችሽ ስለ ዶላር አይደለም። የጠየቀችሽ ስለ ዘይት ነው። ያን የሐምሌ 2016 ሳምንት ዘይት የሸሸጉና ባንድ ሌሊት ዋጋ የጨመሩ ሱቆች ሲታሸጉ አይተናል፤ መደርደሪያው ላይ የነበረው ዘይት ግን ከዚያ ሰኞ በፊት የገባ ነበር። ለእሷ የሚጠቅማት መልስ «ሁለት ጀሪካን ደራርበሽ አትግዢ» የሚለው ነው።

ሁለተኛ፣ የኛን ቀንና ሰዓት ከፈረንጁ ለይተሽ ያዢ። የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተነሣው ከዚሁ ከአዲስ አበባ፣ ከልደታ ሜዳ ነው። መቼ ብለሽ ብትፈልጊ አንዱ 1938፣ ሌላው 1946 ይልሻል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። በደህና ቀን ይሄ ምንም አይደል፤ በክፉ ቀን ግን ጣጣ ያመጣል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ማክስ ሲወድቅ አንዱ ዘገባ የተነሣው 2:38 ላይ ነው አለ፣ ሌላው 8:38 አለ። ያው አንድ ጠዋት ነው። የሰዉን ብዛት ደግሞ አንዱ 149፣ ሌላው 157 አለ። 149ኙ መንገደኞች ናቸው፣ ስምንቱ የበረራው ሠራተኞች፤ ድምሩ 157 ነው። ይህን ያላገናዘበ ሰው «እየደበቁን ነው» ብሎ ያወራል፤ የተደበቀ ነገር ግን አልነበረም።

ከዚያው ቀን ሌላም ትምህርት አለ። ሰው ሁሉ ያን እሑድ የፈለገው «ለምን ወደቀ?» የሚለውን ነበር። ለዚህ ጥያቄ በዚያ ቀን መልስ ያለው ሰው አልነበረም፤ የመጀመሪያው የምርመራ ዘገባ እንኳ የወጣው መጋቢት 26 ነው። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት በርግጠኝነት ምክንያቱን የነገሩሽ ሁሉ እየገመቱ ነበር፤ የገመቱት ልክ የሆነላቸውም ቢሆኑ። ስለዚህ ጥያቄሽን ለሁለት ክፈይው፦ ዛሬ መልስ ያለው፣ ጊዜ የሚፈልገው። ከየት ወዴት ይበር ነበር፣ ስንት ሰው ነበረበት፣ ቤተሰብ የት ይደውል የሚለው የዛሬ ነው። ለምን የሚለው ይቆያል። የሚቆየውን ዛሬ በግድ ከጠየቅሽ የሚመልስልሽ ውሸታም ብቻ ነው።

ጭራሽ መልስ የሌለው ጥያቄም አለ። በታኅሣሥ 2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እዚህ ኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ ያሉት መብራታቸው ሲወዛወዝ ያዩ ነበር። በየስልኩ «ዛሬ ማታ ይደገማል?» የሚል ፍለጋ ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ መናገር የሚችል ሳይንስ ዓለም ላይ የለም፤ «ሌሊት በስድስት ሰዓት» ያለሽን ሰው ያን ጊዜውኑ ዝጊው። መልስ ያለው ጥያቄ «በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ምን ላድርግ» የሚለው ነው፦ ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ራቂ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተሽ እግሩን ያዢ፣ እየተንቀጠቀጠ ደረጃ አትውረጂ፣ አሳንሰር አትግቢ። ይህን ለእማዬ ብታነቢላት ትተኛለች።

በኅዳር 2018ም እንደዚሁ ነበር። ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው በሽታ መኖሩ ተረጋገጠ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳና አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ህንድ ሰማይ ድረስ ደረሰ። ሰው «ማርበርግ አዲስ አበባ ገባ» ብሎ ይጽፍ ነበር። «ማርበርግ እንዴት ይተላለፋል» ብሎ የጻፈ ግን ከታመመ ሰው የሰውነት ፈሳሽ ጋር በሚደረግ ንክኪ እንደሚተላለፍ፣ እንደ ጉንፋን በአየር እንደማይዛመት አውቆ ታክሲ ውስጥ ገብቶ ሥራው ሄደ። የእሳተ ገሞራውን ስም ስትፈልጊ ደግሞ ፊደሉን ቀያይሪ፤ አንዱ በ«ሃ»፣ አንዱ በ«ሀ» ይጽፈዋል። እኛ «ዓመት»ንም «አመት»ንም እንጽፋለን፤ ማሽኑ ሁልጊዜ አንድ መሆናቸውን አያውቅልሽም። «የለም» ከማለትሽ በፊት በሌላኛው ፊደል ሞክሪ። ካጣሽ በእንግሊዝኛም፣ ከቻልሽ በኦሮምኛም ሞክሪ።

አሁን ደግሞ ወደኔ ሥራ ቦታ ልውሰድሽ። እኔ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ ነው የምውለው። በከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ስሙ የታወቀ ሰው ጉዳይ ያለ ቀን፣ ሰዎች ከችሎት ሳይወጡ ስልኩ «ተፈረደበት» ይላል። አንቺ ደረጃውን እወቂ። «በቁጥጥር ሥር ዋለ» ማለት ፖሊስ ያዘው ማለት ብቻ ነው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። «የጊዜ ቀጠሮ ተፈቀደ» ካለሽ ፖሊስ ለምርመራ ጊዜ ተሰጠው ማለት ነው፤ ገና ክስም የለም። ክስ ከተመሠረተና የዐቃቤ ሕግ ምስክር ከተሰማ በኋላ «ብይን» ይመጣል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ይከላከል ተባለ» ማለት ጥፋተኛ ተባለ ማለት አይደለም፤ መከላከያህን አምጣ ነው የተባለው። ፍርዱ ከዚያ በኋላ ነው፣ ቅጣቱም ከፍርዱ በኋላ፣ ይግባኙም ከዚያ ወዲያ። የሰው እናት በሩ ላይ ቆማ ከስልክ «ተፈርዶበታል» የሚለውን ሰምታ ስትወድቅ አይቻለሁ፤ ውስጥ የሆነው ቀጠሮ መቀየር ብቻ ነበር። እና የሰው ስም ስትፈልጊ «ስንት ዓመት ተፈረደበት» ብለሽ አትጀምሪ። «የዛሬ ችሎት ምን አዘዘ» በይ።

«አርፏል» የሚል ካየሽ ደግሞ ቤተሰቡ ወይም የሚሠራበት ቦታ እስኪናገር አፍሽን ያዢ። ቀይ ጽሑፍና ያለቀሰ ፊት የለጠፈውን የዩቲዩብ ቪዲዮ ከፍተሽ ብታዪ አሥር ደቂቃ ሙሉ የሰውዬውን የልጅነት ታሪክ ይተርክልሻል። ለምን እንደዚህ እንደሚሠሩ ልንገርሽ፤ አንቺ የጻፍሽውን ስለሚያዩ ነው። ሰው የትኛውን ቃል በብዛት እየፈለገ እንደሆነ ጉግል ትሬንድስ ላይ ለማንም ይታያል። ስምና «ሞተ» አንድ ላይ መፈለግ ሲጀምር በሰዓቱ ቪዲዮ የሚያዘጋጅ አለ። ደንበኛው እኛ ነን። ያም ሆኖ ያ መስመር ወደ ላይ ወጣ ማለት አገር ሁሉ ጠየቀ ማለት አይደለም፤ ከዜሮ እስከ 100 የሚለካው ቃሉ ከራሱ ከሌላ ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ነው፣ የሰው ቁጥር አይነግርሽም። በ2008 ሰኔ ላይ እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ በሰጡ ማግስት «የአውሮፓ ኅብረት ምንድን ነው?» እያሉ ፈለጉ ተብሎ ዓለም ሳቀባቸው። ስንት ሰው እንደፈለገ ግን ያ መስመር አልተናገረም። «ሰው ሁሉ የሚያወራው ይሄንን ነው» ሲሉሽ ይህን አስቢ።

እማዬ ሳትጠራሽ ስለ ኪስሽም ልንገርሽ። ዜና በበዛበት ሳምንት ሌባም ይበዛል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ፣ ባንክ ችግር ሲገጥመው፣ «እዚህ ተጭነሽ የሚስጥር ቁጥርሽን አስገቢ» የሚል ሊንክ በቴሌግራም ይዘንባል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ «እየሰጠ ነው፣ ሩጡ» የሚለው መልእክት በየዶርሙ ዞረ፤ ኋላ ያልመለሱት ስምና ፎቶ ቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በችኮላ የመጣ ሊንክ ላይ የሚስጥር ቁጥር አይጻፍም፤ ንግድ ባንክን ከሆነ የፈለግሽው በ951 ደውይ። በነጻ የሚጫን ስሙን የማታውቂው ቪፒኤንም እንደዚያው ነው። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲታገዱ ሰው ያገኘውን ሁሉ ጫነ፤ የሚያልፍበትን ሁሉ ማን እንደሚያይ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ጨርሶ የሚጠፋበት ሳምንትም አለ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር፤ ፈላጊ ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ። ስለዚህ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳት አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ብለሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊ። የአክስታችንንም ቁጥር ጨምሪበት፤ ካርድም ሙዪ። ሬዲዮኑንም ከአልጋ ሥር አውጪው።

ለሰው ከማስተላለፍሽ በፊት ደግሞ ሐሰተኛ መረጃ በማሰራጨት የሚያስጠይቀው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንዳለ አትርሺ። «እኔ ፎርዋርድ ነው ያደረግኩት» ብሎ ማመልከቻ ሊያጽፈኝ የሚመጣ ሰው አለ፤ የሚጻፍለት ብዙ ነገር የለም።

አሁን እማዬ ትጠራሻለች። ሦስት ነገር ለይተሽ ንገሪያት፦ ይሄ ታውቋል፣ ይሄን ያለው እገሌ ነው፣ ይሄ ገና አልታወቀም። «አልታወቀም» ስትያት ፊቷ ቅር ሊለው ይችላል፤ ጎረቤት ደግሞ ከአንቺ የበለጠ የሚያውቅ ሌላ ፈላጊ ያገኛል። ይሁን። ነገ ነገሩ ሲጣራ ማን ዘንድ ተመልሰው እንደሚመጡ ታያለሽ። በይ፣ ያንን የምንዛሪ ገጽ ክፈቺውና ቀኑን አንብቢልኝ።